በጂፗ እግር የታሰረው ክር

የእኛ መኪና በአንድ ቦታ አልኖረችም፤ በመንደሩ ሁሉ ተበትና ነው የኖረችው። አንደኛው በሯ የጎረቤቴ የካልቢቡ የዶሮ ቤት በር ነበር። ኮፈኗን ገልብጠው በታችኛው ሰፈር በግ ያጠጡበት ነበር። መሪዋን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግድግዳ ላይ ቸንክሮ ባርኔጣውን ይሰቅልበት ነበር። ሞተሯ ደግሞ ወፍጮ ቤት ገብታ ለአገሩ ሁሉ ዱቄት ትፈጭ ነበር። እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ለቃቅሞ መልሶ መኪና ማድረግ የአንድ ሰው ዕድሜ ቢፈጅ ምን ይገርማል?

ነገሩ የጀመረው የጋራ እርሻው የፈረሰ ጊዜ ነው። ያለውን ሁሉ ለየቤቱ ደለደሉት። ለአንዱ በግ ደረሰው፣ ለአንዱ ላም፣ ለአንዱ የበረት ጣሪያ። ባለቤቴ ሳትባልዲ የእርሻው ሊቀመንበር ሾፌር ነበር። ያቺን አረንጓዴ ጂፕ ከጉርምስናው ጀምሮ ሲነዳት፣ ሲያጥባት፣ በረዶ ሲጥል በራሱ ካፖርት ሞተሯን ሲሸፍንላት የኖረ ሰው ነው። ስሙ ሲጠራ፣ «በጎቹን ለሌላ ስጡ፣ ለኔ ጂፗን» አለ። እሺ ተባለ። ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ ሰው መቼ ዝም ብሎ ተቀመጠ! የሚፈታውን ሁሉ ፈትቶ ወስዷል። እሱ ሲደርስ የቀረችው ሻንሲዋ ብቻ ናት፤ ያለ ጎማ፣ ያለ ሞተር፣ ሥጋው ተበልቶ እንዳለቀ የበግ ጎድን።

እኔ በጎቹ መጡ ብዬ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆሜያለሁ። እሱ በሁለት ፈረስ ብረት እያስጎተተ ከች አለ።

«በጎቹስ?» አልኩት።

«ይቺውልሽ።»

«ትታለባለች?»

«ትነዳለች እንጂ ባይቢቼ! አንቺን ከጎኔ አስቀምጬ ኮክቶር ነው የማወጣሽ።»

ባይቢቼ የሚባለው ዕድሜዋ የገፋ፣ የቤቱ እመቤት ነው። እኔ ያኔ ገና ነበርኩ፤ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነበር እንዲያ የሚለኝ። ኮክቶርን ያነሳትም እንዲሁ አይደለም። ኮክቶር ከመንደራችን በላይ ያለች የበጋ ግጦሽ ናት። ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት የሱፍ ድንኳን እዚያ ነበር የተተከለው። ልጄ ሜደርም እዚያ ነው የመጀመሪያ ጥርሱን ያበቀለው። የጋራ እርሻው ሲፈርስ ከብቱም አለቀ፤ ከብት የሌለው ሰው ደግሞ ግጦሽ ወጥቶ ምን ይሠራል? በእግር ሩቅ ነው። በፈረስ እንዳልሄድ ጉልበቴ ቀድሞ ከዳኝ። እና ያቺን ቀን ተቆጥቼም እንኳ፣ «ከጎኔ አስቀምጬ» ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ብዙ ቀን አኮረፍኩት፤ ቃሏን ግን አልመለስኩለትም።

ሜደር ያኔ በድንጋይ ላይ በቆመችው ሻንሲ ሥር ሳያጎነብስ ያልፍ ነበር። አባትና ልጅ ዕቃ ፍለጋ አብረው ይወጣሉ። እኛ አገር የሰው ቤት ገብቶ «ይህን ስጠኝ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሳትባልዲ ነጩን የሱፍ ቆቡን ያደርጋል፣ ልጁን ፊቱን ያሳጥበዋል፣ ልጃገረድ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሽማግሌ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ሻይ ይጠጣል። የከብቱን ጤና ይጠይቃል። ስለ በረዶው ያወራል። ስለ ራዲያተሩ ትንፍሽ ሳይል ይመለሳል። በሌላ ጊዜ ይሄዳል። በሦስተኛው ባለቤቱ ራሱ ይስቅና፣ «እሺ ሽማግሌው፣ ልጅቷን ውሰዳት» ይለዋል። ሜደርም ራዲያተሩን አቅፎ እየሮጠ ይመጣል። ያ ልጅ ሲሮጥ ብታዩት! በመንደሩ የሚቀድመው አልነበረም።

ካልቢቡን ግን ማንም ሽማግሌ አላንበረከካትም። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነች ሴት ናት። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ነው ሙሽሮች ሆነን እዚህ መንደር የገባነው።

«ዶሮዎቼ የሊቀመንበር በር ለምደዋል» ትለዋለች። «አሁን ተራ እንጨት ብታደርግላቸው እንቁላል ይከለክሉኛል።»

«አዲስ በር ሠርቼልሽ የለ? አበባ ቀርጬበት!»

«አበባውን አንተ ብላው።»

እንዲህ ሲሉ ስንት ዓመት! በመጨረሻ በሯን የሰጠችው፣ መኪናዋ ኮክቶር የወጣች ቀን ከበሯ አጠገብ ልትቀመጥ አስምላው ነው።

ጎማውም መጣ፣ ኮፈኑም መጣ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁ ባሰጣሁት ልብስ ላይ ቀይ ትቢያ ይቀመጣል። የጎደለውን ላሜራ ከድሮ የወተት በርሜል ቆርጠው በየዱት። ወንበሩን ደግሞ እኔ አለበስኩት፤ ከድሮ ቀሚሴ፣ ከሜደር የልጅነት ሱሪ፣ ከአማቴ ሻሽ ቁርጥራጭ እየቀጣጠልኩ። እንዲህ ያለውን ስፌት ኩራክ እንለዋለን። ሰዉም አይቶ መኪናዋን ኩራክ አላት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ሞተሯ ብቻ አልተገኘችም። ባለወፍጮው «ሌላ እስካገኝ» እያለ ዓመት ይጨምራል። ሜደር ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ እሷን ያዳምጣል። ማታ ለአባቱ፣ «አታ፣ ሦስተኛዋ ዛሬም ስታስነጥስ ዋለች» ይለዋል። አታ አባት ማለት ነው። ሞተሯ ውስጥ እሳት ከሚጭሩት ከአራቱ ካንዴላዎች ሦስተኛዋ እየዘለለች ነው ማለቱ ነበር፤ እሱ ማስነጠስ ይላታል። አባቱ ይስቃል፤ «እናመጣትና መድኃኒት እንሰጣታለን» ይለዋል። አስቡት፣ የሰው ሞተር ደጅ ተቀምጦ እንደ ታመመ ዘመድ መጠየቅ!

ልጁ አደገ። መንደራችን ለጎረምሳ የሚሆን ሥራ የላትም። እኩዮቹ ሁሉ ወደ ሩሲያ ሄደዋል፤ እሱም «አንድ የበረዶ ወራት ብቻ ሠርቼ ልመለስ» አለ።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሚኒባሷ በር ላይ ቆማ ክላክስ ታደርጋለች፣ እሱ የለም። ብፈልገው ጂፗ ሥር ተንበርክኳል። ለጎረቤት ልጅ የፈተልኩት ነጭና ጥቁር ክር ተርፎኝ ነበር፤ እሱን ወስዶ ከአንዱ የፊት ጎማ ወደ ሌላው እያዞረ ያስራል። እናንተ ታውቁት እንደሆን እንጃ፤ እኛ ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሁለት እግሩን በእንዲህ ያለ ክር እናስራለን። የመንደሩ ልጆች ከሩቅ ይሮጣሉ፣ ቀድሞ የደረሰው ቢላዋ ይሰጠውና ይቆርጥለታል። ሕፃኑ ከዚያ ወዲያ አይደናቀፍም። አረማመዱም የቆረጠለትን ሰው ይመስላል ይባላል። ሜደር ሯጭ ስለነበረ የስንቱን ልጅ ክር ቆርጧል መሰላችሁ!

«ምን እያደረግህ ነው አንተ? ሾፌሩ ይጮሃል!» አልኩት።

«ይቺ ገና ዳዴም አላለችም አፓ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። «አታ፣ ሞተሯ ስትገባላት ክሯን ሮጬ የምቆርጠው እኔ ነኝ። እስከዚያ አንድ እርምጃ እንዳታስኬዳት!»

«ማን ይሻማሃል?» አለው አባቱ። «ሂድ፣ ጥሎህ ይሄዳል!»

እየሳቀ ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ የመጨረሻዬ ነበር።

አንዱ የበረዶ ወራት ሌላውን ወለደ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ እንዳትታዘቡት። ወገን በመጣ ቁጥር ዕቃ ይልካል፤ ካርቡሬተሩን እሱ ነው የላከው፣ የፊት መብራቶቹን እሱ፣ የፍሬን ሸራውን እሱ። አንድ ጊዜ አጎቱ ሲሞት መጥቶ ነበር። የጥር በረዶ ጂፗን ውጧት ነበር፤ ኮፈኗ ላይ ያለውን በረዶ በእጁ ጠረገላት፣ ለቀብር እንደመጣ በቀብሩ ማግሥት ሄደ። እዚያ አገባ፣ እዚያ ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷን በስልክ መስታወት ነው የማውቃት፤ ጉንጯን በጣቴ ስነካው ስልኩ ይዘጋል።

ሳትባልዲ ክሩን ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ጠቀለለው። ዶሮ ሲጫወትበት ካየ ድንጋይ ይወረውራል። ጎማ ማውለቅ ሲኖርበት ክሩን ሳይበጥስ ቀስ ብሎ ፈትቶ፣ ሲጨርስ በነበረበት ዓይነት ያስረዋል። የልጁን አስተሳሰር ለመድገም ምላሱን አውጥቶ ሲጠበብ አየው ነበር፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ።

በመጨረሻ ወፍጮ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባና የእኛዋ ወደ ቤቷ መጣች። አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ጓዳ ውስጥ ከእኛ ጋር አሳለፈች፤ ፈታት፣ አጠባት፣ ገጠማት። በጸደይ፣ ፖም ዛፉ ሲያብብ፣ ከፊት በኩል መዘውሩን ከቶ ሲያሽከረክር አገሳች። ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሊጡ እጁ ላይ እንዳለ የመጣ አለ። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያፏጫል።

«ንዳት!» አሉት። «ዙርባት!»

ሳትባልዲ ሞተሯን አጠፋ። «ክር አለባት» አለ።

ካልቢቡ ወገቧን ይዛ ጎማዎቹን አየች። «ይህን ሁሉ ብረት የሱፍ ክር ይዞት ሲቆም ያየሁት ያንተ ግቢ ነው። የእኔ ጫጩት እንኳ ይበጥሰዋል እኮ!»

«ያንቺ ጫጩት ቃል አልገባም።»

«ልጅ ተጫውቶ የሄደውን ነገር ሽማግሌ እንዲህ ሲይዝ!»

«ልጄ ይመጣል፣ ይቆርጣል» አለ፣ ገባ፣ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ያስነሳታል፤ ትንሽ ታጓራለች፣ ያጠፋታል። በቁልፍ የሚያስነሳት ሞተሪኖ ስላልነበራት በመዘውሩ ነው፣ በጉልበት። አንድ ጠዋት መዘውሩን ከጣለ በኋላ ኮፈኑን ተደግፎ ደረቱን ይዞ ቆመ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ወደ ጤና ጣቢያ በግድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልቡ ደክሟል አለች፤ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ መጪውን ብርድ ደግሞ እንዲጠነቀቅ። እሱ ሲወጣ ለእኔ ለብቻዬ፣ «እማማ፣ የሚወደውን ነገር ያድርግ፣ አይዘገይ» አለችኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። የኮክቶር መንገድ በሰኔ ይከፈታል፣ በመስከረም በረዶ ይዘጋዋል። ዘንድሮ ካልወጣን አብረን አንወጣም። እኔ ኮክቶርን ሳላይ መቅረቴ ብቻ አይደለም፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የለቃቀማትን መኪና አንድ ክንድ እንኳ ሳይነዳት ሊቀር ነው።

ሜደር ሐሙስ ዕለት ደወለ። ባለቤቴ ውሃ ሊያዞር ማሳ ወርዶ ነበር። ድንች ማሳው ጥግ፣ ስልክ የሚሰማበት ቦታ ላይ ቆሜ አነሳሁ። ከበስተኋላው ብረት ይቀጠቀጣል።

«አፓ፣ ዘንድሮም አልተሳካም። ወረቀቴ ገና ነው፤ ከወጣሁ አያስገቡኝም።»

«እሺ ልጄ።»

«አትዘኚ።»

«አላዘንኩም። ግን አባትህን አንድ ነገር በልልኝ። ቁረጠው በለው። አንተን አይጠብቅ፤ ቁረጠውና ንዳት በለው።»

«ምኑን?»

«ክሩን ነዋ።»

መዶሻው ብቻ ይሰማል።

«የምን ክር አፓ?»

ልጆቼ፣ እዚያ ድንች ማሳ ውስጥ ነፋስ ነበረ፤ ቀሚሴን ሲያውለበልበው ትዝ ይለኛል። ምን ልበለው? ልጅ ነበር። ስንት ዓመት ጡብ ተሸክሟል፣ ስንት ቤት ለሰው ሠርቷል። ሰው ሲደክመው ምኑን ሁሉ ያስታውሳል?

«የብርድ ልብሱን ክር ነው» አልኩት። «አባትህ ይጨቀጭቀኛል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። ከዘጋሁት በኋላ ግን እዚያው ድንቹ መሃል ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት፤ በልቤ ማለቴ ነው። ተደብቄ ግን አላደርገውም አልኩ። ተደብቆ የተቆረጠ ክር ምን ዋጋ አለው? ሩጫ ያስፈልገዋል። ካልቢቡ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ከማን ጋር ልትሮጪ ነው?» አለች።

«ካንቺ ጋር።»

«እኔ? በዚህ ዳሌ? ... ከቀደምኩሽ ግን መኪናዋ እኔን ነው የምትመስለው፤ እወቂው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሳትባልዲ እንደ ልማዱ መዘውሩን አሽከርክሮ አስነሳት፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ ኮፈኑን ተደግፏል። እኔና ካልቢቡ ከዳቦ ምድጃው አጠገብ ቆመናል። ቢላዋውን ጎማው ሥር አስቀድሜ አኑሬዋለሁ።

«አንድ፣ ሁለት...» ስል ካልቢቡ ሦስትን ሳትጠብቅ ተፈተለከች።

«አጭበርባሪ!»

«ዝም ብለሽ ሩጪ አሮጊት!»

ሮጥን። ሩጫ ካላችሁት። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ ይሰማኛል፤ ዶሮዎቹ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ። ካልቢቡ ፊት ፊት እየሄደች ሳለ ከጉድጓዱ ውሃ የረሰረሰው ጭቃ አንድ ጫማዋን ያዘባት። እግሯን መዘዘች፣ ጫማው ቀረ። ለጫማው ስትመለስ አለፍኳት።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለ ሳትባልዲ። ከዚያ ቢላዋውን እጄ ላይ አየ። «ባትማ! አትንኪው!»

በስሜ የጠራኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ተንበረከኩ፣ ላስቲኩን ገለጥኩ፣ ቆረጥኩት።

ሞተሯ ብቻ ታጉረመርማለች። ካልቢቡ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ሳትባልዲ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና የክሩን ሁለት ቁራጭ አነሳ።

«ይህ የልጄ ነበር» አለ።

«እሱ ነው ያዘዘኝ» አልኩት። «ሐሙስ ደውሎ። ‹አልደርስም፣ አንቺ ሩጪልኝ አፓ› አለኝ።»

አየኝ። ትኩር ብሎ አየኝ።

«እንዲያ አለ?»

«እንዲያ አለ።»

ክሩን ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እንግዲህ አንቺ ከቆረጥሽው፣ እንዳንቺ ነው የምትሄደው።»

«ቀስ ብላ» አልኩ። «ትደርሳለች ግን።»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። እኔ ከፊት፣ በሠራሁት ኩራክ ላይ፣ ከጎኑ። ካልቢቡ ከኋላ፣ የዶሮ ቤቷ የነበረውን በር ተደግፋ። ዳቦ ይዘናል፣ በዘይት የጠበስኩትን የሊጥ ቦርሶክ ይዘናል፣ ለራዲያተሩ ውሃ በጀሪካን ይዘናል። ከግቢው ስትወጣ ሳትባልዲ ማርሹን ሳያይ በእጁ ፈልጎ አስገባው። የእድሜውን ግማሽ የነዳው እጅ ነው፤ አልረሳውም።

መንደሩን ሳንጨርስ አህያ የጫነ ሰውዬ ቀደመን።

«ሳትባልዲ» አለች ካልቢቡ፣ «ወርጄ ልግፋ ወይስ አህያውን እንለምነው?»

«የቆረጠላትን ሰው ጠይቂ!»

«እኔ በቀደምኩ ኖሮ ይሄኔ ደርሰን የፈረስ ወተት ክምዝ እንጠጣ ነበር። ያ ጫማ! ሟች ባሌ ነው የገዛልኝ፣ በሕይወትም በሞትም ወደ ኋላ ሲያስቀረኝ!»

እየሳቅን፣ በየመታጠፊያው እየቆምን፣ ራዲያተሩን እያጠጣን ወጣን። ሳትባልዲ ሲቆም ደረቱን ይዞ ይተነፍሳል፣ ይነሳል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ኮክቶር ደረስን።

ሣሩ ያው ነው። ምንጩም ያው። ከላይ ሁለት ሦስት የእረኛ ድንኳን ይታያል፤ ካልቢቡ የወንድሟን ልጅ አይታ ለክምዙ ቀድማ ሄደች። እኔ የኛን ቦታ ፈለግሁ። ድንኳን ብዙ በጋ የቆመበት መሬት ክብ ምልክት ይተዋል፤ ሣሩ እዚያ ላይ ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ይበቅላል። አገኘሁት። በመሃሉ ቁጭ አልኩ። እዚህ ጋ ምድጃችን፣ እዚያ ጋ የሜደር አልጋ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። እጄን ሣሩ ላይ አኖርኩ፣ ልክ የሰው ፀጉር ነበር የሚመስለው።

ሳትባልዲ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ባይቢቼ» አለ፣ «ውሸት አትችይበትም። ሙሽራ ሳለሽም ጆሮሽ ነበር የሚቀላው፤ አሁንም እሱ ነው።»

ሻሼን ጆሮዬ ላይ ጎተትኩ።

«በዓመት በዓሉ ደውዬ ጠይቄው ነበር» አለ። «‹ክርህ ይጠብቅሃል› አልኩት። ‹የምን ክር አታ?› አለኝ።»

«ታዲያ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«ራሱ ትዝ እንዲለው። ብነግረውማ ሥራውንም ወረቀቱንም ጥሎ ይመጣ ነበር፤ ለእኔ ብሎ። እኔ የፈለግሁት እንዲያ መምጣቱን አይደለም።»

«ስቆርጠው ለምን አላስጣልከኝም?»

ትንሽ ሳቀ። «ስትሮጪ እያየሁሽ እኮ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ!»

በማግሥቱ ስንወርድ መንደሩ ከሩቅ የሚታይበት አንድ ኮረብታ አለ፤ እዚያ ስልክ ይሠራል። ሳትባልዲ ቆመ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። «ሄሎ» አላለም፤ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘረጋው።

«አታ? አታ? ምንድን ነው ጩኸቱ?» ይላል ልጄ። ከዚያ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሦስተኛዋ» አለ ድምፁ። «ሦስተኛዋ ታስነጥሳለች።»

ሳትባልዲ ስልኩን ወደ ሞተሩ ይበልጥ አስጠጋው።

«አታ... ከግቢ ውጭ ናት እንዴ? ነፋስ ይሰማኛል። እየነዳሃት ነው?» ድምፁ ተለወጠ። «ክሩስ? ክሩን ማን ቆረጠው?»

ሳትባልዲ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አልኩ።

«አንቺ? በዚያ ጉልበትሽ?» ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «እኔ ነበርኩ እኮ የምቆርጠው አፓ። እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ጫማዬ ባይወልቅ እኔ ነበርኩ!» ብላ ጮኸች ካልቢቡ ከኋላ። እዚያ ማዶ፣ ከመዶሻው ጩኸት ጋር፣ ልጄ ሲያለቅስም ሲስቅም ሰማሁት። መቼ እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ኩራክ ሁሌም ትሄዳለች። ገበያ ትሄዳለች፣ ሠርግ ትሄዳለች፣ ካልቢቡን ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ቀስ ብላ ነው። ሳትባልዲ የሚንኳኳውን ሁሉ ያጠብቃል፣ የሚያንጠባጥበውን ሁሉ ይደፍናል። ሦስተኛዋ ካንዴላ ግን ታስነጥሳለች። ፈትቶ ቢያጸዳት ሻይ እስኪፈላ አይፈጅበትም። አይነካትም። ሰው ሲጠይቀው፣ «እሷ የሜደር ሥራ ናት» ይላል፣ መሪውን ይዞ ወደ መንገዱ እያየ።